ጉም የለበሰ ጣውላ፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ወለል ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የተነሣው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ መኖሪያ ቤት ነው። የእንግዳ መቀበያው 4 ሜትር በ5 ሜትር ሲሆን ወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው የባሕር ዛፍ ጣውላዎች ተነጥፏል። ጣውላዎቹ በሞራሌ ላይ በሚስማር ተመትተው ሦስት እጅ ቫርኒሽ ጠጥተዋል። ሐምሌ ሲገባ፣ የክረምቱ ጭቃ ወለሉን እንዳይፍቀው ተብሎ ከበሩ እስከ ክፍሉ መሐል የፕላስቲክ ምንጣፍ ተዘረጋ። ለእንቁጣጣሽ ቄጠማ ተጎዘጎዘበት፤ የመስቀል እንግዳም እዚያው ላይ ተስተናገደ። ጥቅምት ላይ ምንጣፉ ሲጠቀለል ከሥሩ ያለው ጣውላ ነጥቶ ተገኘ።

መጀመሪያ የተጠራው ቀለም ቀቢ ወለሉን ቆሞ አየና «እማማ፣ ይኼማ አንድ እጅ ቢደረብበት ድራሹ ይጠፋል» አለ። የቤቱ ባለቤት ግን ዋጋውን ከመጠየቃቸው በፊት «ከምን መጣ፣ ልጄ?» አሉት። ለዚህ መልስ ስላልነበረው ሥራው በዚያ ቀን አልተጀመረም። አለመጀመሩም በጀ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ቫርኒሽ መደረብ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ እርጥበቱን ከነነጭነቱ ያሽገዋል፣ ከላይ ሰም ካለም አዲሱ ቫርኒሽ ሳይዝ ቀርቶ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ቅርፊት ይነሣል።

ነጩ ያለው የት ላይ ነው?

ቫርኒሽ ሲደርቅ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቆዳ ይሆናል። እርጥበት ሲገባበት በውስጡ በዓይን የማይለዩ ጠብታዎችና ክፍተቶች ይፈጠራሉ። ብርሃኑ ቀጥ ብሎ አልፎ የእንጨቱን መልክ ማሳየቱ ይቀርና እየተበተነ ይመለሳል፤ ዓይን ይህን ነጭ አድርጎ ያየዋል። ውሃው ደርቆ ከሄደ በኋላ እንኳ ጥሎት የሄደው ክፍተት ብርሃን መበተኑን ስለሚቀጥል ነጩ አንዳንዴ በመድረቅ ብቻ አይለቅም። ይህ በቫርኒሹ ውስጥ ያለው ነጭ ነው። ከቫርኒሹ በላይ ያለው ደግሞ የተደራረበ ሰም፣ ሳይጠራ የቀረ ሳሙና ወይም የጫማ ጭረት ነው። ከቫርኒሹ በታች ያለው፣ ቆዳው ከእንጨቱ ተላቆ በመሐላቸው አየር ሲገባ የሚታየው ነው። ጥቁር ወይም ግራጫ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ውሃው ቫርኒሹን አልፎ እንጨቱ ጋ ደርሷል።

በዚህ ክፍል አራቱም ነበሩ። ችግሩም እዚህ ላይ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ላይ ሲታዩ አንድ ትልቅ እድፍ ይመስሉ ነበር።

መስኮቱ ተዘግቶ ባትሪ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ሲበራ ተለያዩ። ምንጣፉ ከነበረበት 6 ሜትር ካሬ ያህሉ ወተት መሳይ ጉም ለብሷል፤ ግን እኩል አይደለም። በጣውላና በጣውላ መገጣጠሚያ ላይ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጣት ያህል ወፍሯል፤ በየጣውላው መሐል ሳስቷል። ቡና በሚፈላበት ጥግ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ነጭ ቀለበት አለ፤ የማንቆርቆሪያ መቀመጫ ልክ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ ይህም ቢሆን ቫርኒሽ አለስልሶ እንፋሎት ለማስገባት ይበቃል። ከበሩ ወደ ጓዳ የሚወስደው መተላለፊያ ደግሞ ነጭ ሳይሆን የደበዘዘ ነው፤ በጥፍር ሲቧጠጥ ጥፍር ሥር ቢጫ ቅባት ይቀራል። ደፉ አጠገብ ባሉ ሁለት ጣውላዎች ላይ በሚስማሮቹ ዙሪያ ጥቁር ክብ አለ።

የአኳራጅ ፈተና

ንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በአኳራጅ፣ ማለትም በዘይት ቀለም ማቅጠኛ፣ ረጥቦ እድፉ ላይ ይታሻል። ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ጨርቁ ነው፤ ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ሰምና ቆሻሻ አለ። ሁለተኛውና ዋናው፣ አኳራጁ ገና እርጥብ ሳለ እድፉ ምን ሆነ የሚለው ነው። እርጥብ ሳለ ጠፍቶ ሲደርቅ ከተመለሰ ጉዳቱ ላይ ላዩን ነው፤ ፈሳሹ ጭረቱንና ሸካራውን ስለሞላው ነው የጠፋው። እርጥብ ሆኖም ፈጥጦ ከታየ ነጩ ከቆዳው ውስጥ ወይም ከሥሩ ነው። መተላለፊያው ጠፍቶ ተመለሰ፤ ጉሙና ቀለበቱ አልተነቃነቁም።

ቀጥሎ የቫርኒሹ ዓይነት በቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ማንም በማያየው ቦታ ተፈተነ። አንድ ጠብታ ንጹሕ አልኮል ለአንድ ደቂቃ ተቀምጦ ሲታይ አልተጣበቀም፤ ስለዚህ በአልኮል የሚሟሟው ሼላክ አይደለም። አንድ ጠብታ ቲነር ቆዳውን ኮማተረው እንጂ አላሟሟውም፤ ስለዚህ በቲነር የሚሟሟው ላከርም አይደለም፣ የዘይት ቫርኒሽ ነው። ይህ መለየቱ የቅንጦት አይደለም። ሼላክና ላከር ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ዘዴ በአልኮል በጭንቁ የረጠበ ጨርቅ በእድፉ ላይ ሳይጫኑ ማሳለፍ ነው፤ አልኮሉ ቆዳውን ለቅጽበት አለስልሶ እርጥበቱን ያስወጣዋል። የዘይት ቫርኒሽ ላይ ግን እምብዛም ስለማይሠራ እዚህ ተተወ።

ጎረቤት አረቄ ይሞከር ብሎ ነበር። የጎጃም አረቄ ስሙ የታወቀ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከይዘቱ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ስለሆነ የሚወጣውን እርጥበት መልሶ ይከተዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ አንዱ የቤተሰብ አባል አመድ በውሃ ለውሶ ቀለበቱን አሽቶት ነበር። እርጥብ አመድ ልብስ የሚያጥበው በምክንያት ነው፤ ያው ኃይሉ የዘይት ቫርኒሽንም ይበላዋል። አመድ የግድ ከተፈለገ በወንፊት ተነፍቶ በዘይት ብቻ ይለወስ።

እርጥበቱ ከታች ነበር

ጉሙ በመገጣጠሚያዎች ላይ መወፈሩ ከላይ ከፈሰሰ ውሃ ይልቅ ከሥር የሚወጣ እርጥበትን ያሳያል። ይህን ለማጣራት ምንጣፉ ካልደረሰበት ቦታ 50 ሴንቲ ሜትር በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ንጹሕ ላስቲክ ተዘርግቶ አራቱም ጠርዙ በፕላስተር ታሸገና ለ48 ሰዓት ተተወ። ሲነሣ ከሥሩ ጤዛ ይዞ ነበር። ቄጠማውም፣ ማንቆርቆሪያውም ባልደረሰበት ቦታ ማለት ነው።

ከውጭ ሲታይ ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። መሠረቱ ላይ የወለሉ ሥር እንዲተነፍስ የተተዉ ሁለት የአየር ቀዳዳዎች አሉ። በሰኔ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሲቆፈር አፈሩ ወደ ግድግዳው ተጥሎ ሁለቱንም ቀብሯቸዋል። ደብረ ማርቆስ ላይ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ መሬቱ ጠግቦ ከጣውላው ሥር የታፈነው አየር በጣውላው ስንጥቅ ሽቅብ ይወጣል፤ ከላይ ደግሞ ፕላስቲክ ከድኖታል። ሦስት ወር በዚህ ሁኔታ የቆየ ቫርኒሽ ባይነጣ ነበር የሚገርመው። ቄጠማው ብዙ ሰው የጠረጠረው ቢሆንም በምንጣፉ ጠርዝ ላይ ካለው አንድ ቀጭን መስመር በቀር ያደረሰው ጉዳት አልነበረም።

አፈሩ ተዛቀ፤ ቀዳዳዎቹ አይጥ እንዳይገባ በጥቅጥቅ ሽቦ ወንፊት ተሸፈኑ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ወለሉ ላይ ምንም አልተሠራም፤ ቀን ቀን መስኮት መክፈት ብቻ ነበር። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ጊዜ ነው፤ ሥራ ስለማይመስል። በዚህ ጊዜ ብቻ በየጣውላው መሐል ያለው ስስ ጉም በራሱ ለቀቀ፤ የላስቲኩ ፈተና ሲደገም ደረቅ ወጣ። የቀረው በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ያለው ወፍራሙ ነው።

መተላለፊያውን ማጥራት

ደብዛዛው መተላለፊያ ቀላሉ ነበር። ለበዓል ለበዓል የቀደመው ሳይነሣ የተቀባ ሰም ነው፤ በየመሐሉ በልብስ ዱቄት ሳሙና ሲታጠብ ሳሙናው ከሰሙ ጋር ተቦክቷል። 1 ሊትር አኳራጅ በቂ ሆነ። አሠራሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ በአንድ ጊዜ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ይረጥብ፣ ይታሽ፣ ሳይደርቅም በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። ሰፊ ቦታ አርጥቦ ቆይቶ መጥረግ የሟሟውን ሰም ከቦታ ቦታ ማዞር ነው፤ ሲደርቅ ያው ደብዛዛ ይሆናል። ጨርቁ ቆሻሻ ማምጣቱን ሲያቆም በጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ አንድ ጊዜ ተወልውሎ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ተጠረገ። አኳራጅ ክፍት ሆኖ ሳለ ከሰል፣ ዕጣንና ሲጋራ ከቤት ይውጡ፤ ቡናው በዚያን ቀን ውጭ ይፈላ።

ቀለበቱ

ሰሙ ከተነሣ በኋላ ነው ሙቀት የሚሞከረው። ሰሙ እያለ ካሞቁት ቀልጦ ቆሻሻውን ይዞ ወደ ስንጥቁ ይገባል።

በመጀመሪያ የፀጉር ማድረቂያ ፎን፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ እየተዟዟረ ለሁለት ደቂቃ። መለኪያው እጅ ነው፤ ጣውላው ላይ መዳፍ ማኖር ካልተቻለ በዝቷል። ሦስት ጊዜ ሲደጋገም የቀለበቱ የውጭ ጠርዝ ለቀቀ። ለቀረው ካውያ መጣ፤ እንፋሎቱ ተዘግቶና ውሃው ተደፍቶ፣ በዝቅተኛው ሙቀት፣ ሁለት ጊዜ በታጠፈ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ላይ። ካውያው ለ5 ሰከንድ ያህል ያርፋል፣ ይነሣል፣ ጨርቁም ተገልጦ ይታያል፤ እንዲህ እየተባለ ይቀጥላል። አንድ ቦታ ላይ ሰው ሲያወራ ካውያው ቆየና የጨርቁ ሽመና ቫርኒሹ ላይ ታተመ። ይህ የካውያ ዘዴ የተለመደ አደጋ ነው፤ ከዚህ ቢብስ ቆዳው ይቆጣና ውሃ እንደቋጠረ ጠባሳ ይነሣል። የታተመው በቁጥር 400 የብርጭቆ ወረቀትና በጥቂት የፓራፊን ዘይት፣ በእንጨቱ የተፈጥሮ መስመር አቅጣጫ ቀስ ተብሎ ታሽቶ ጠፋ። መብራት ሲጠፋ የከሰል ካውያ እንዲመጣ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሙቀቱን መቆጣጠር ስለማይቻል መብራቱ እስኪመጣ ተጠበቀ።

ከሙቀቱ በኋላ የቀረው የቀለበቱ ጥላ ብቻ ነው። እርጥበቱ ወጥቷል፤ የቀረው ባዶ ክፍተት ነው። ክፍተትን የሚሞላው ቅባት ነው። ቫዝሊን ወፈር ተደርጎ ተቀብቶ አደረ፤ ጠዋት ተጠርጎ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ዓይን የሚይዘው ነገር አልቀረም። ቫዝሊን የነካው ቦታ ወደፊት ቫርኒሽ የሚደረብበት ከሆነ ግን በአኳራጅ ደጋግሞ መጽዳት አለበት። ቅባት ቅንጣት ብትቀር አዲሱ ቫርኒሽ በዚያ ነጥብ ላይ ይሸሻል፤ ክብ ክብ ጉድጓድም ይሠራል።

መገጣጠሚያዎቹ

ከባዱ ይህ ነበር። ፎኑ በአንዳንዱ መስመር ላይ ጉሙን አሳሳው፤ በሌላው ላይ ግን ምንም አላደረገም። ሙቀት የማይገፋው ነጭ ካለ ቆዳው መላቀቁ ሊጠረጠር ይገባል። በምላጭ ትንሽ መስቀል ተጭሮ፣ ፕላስተር በላዩ ተጭኖ፣ በአንድ ጊዜ ተነቀለ። ከፕላስተሩ ጋር ቫርኒሽ ተነሥቶ ከመጣ ያንን ቦታ ማዳን አይቻልም፤ መፋቅ ብቻ ነው። በዚህ ፈተና ከ6 ሜትር ካሬው 2.5 ያህሉ የተላቀቀ፣ የቀረው የያዘ ሆኖ ተገኘ።

የተላቀቀው በመፋቂያ እስከ እንጨቱ ተነሥቶ በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ ከዚያ 120፣ ከዚያ 180 ተላገ። እዚህ ላይ ልምድ ያላቸው አናጢዎች የማይጥሱት ሕግ አለ፦ ፍቀቱ ጣውላ መሐል አይቆምም። አንድ ጣውላ ከተነካ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፋቃል፤ ድንበሩም መገጣጠሚያው ላይ ይውላል። መሐል ላይ ከቆመ የአሮጌውና የአዲሱ ቫርኒሽ ድንበር ምንም ቢለፋበት ይታያል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ፀሐይ ያየው መልኩ ካላየው ስለሚጠቁር ልዩነቱ ይጎላል። ቫርኒሹ ያልተላቀቀበት ቀሪ ቦታ በቁጥር 220 ብርቅቅታው እስኪጠፋ ብቻ ተሻሸ። አቧራው ተጠርጎ በአኳራጅ በረጠበ ጨርቅ ተወለወለ።

ለዚህ ሥራ የብረት ሱፍ አልተነካም። ቀጭኑ፣ ባለ አራት ዜሮው፣ በዘይት ተነክሮ ለማለስለስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የተላገ ባዶ እንጨት ላይ ብናኙ ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል። ባሕር ዛፍ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ብረትና እርጥበት ሲገናኙበት ይጠቁራል፤ ከደፉ አጠገብ በሚስማሮቹ ዙሪያ የታየው ጥቁር ክብም የዚሁ ውጤት ነው።

ቫርኒሹ እንዲህ ተሠራ። ባዶ ለሆነው 2.5 ሜትር ካሬ የመጀመሪያው እጅ፣ አራት መጠን ቫርኒሽ በአንድ መጠን አኳራጅ ቀጥኖ፣ ተቀባ፤ ሩብ ሊትር ያህል ፈጀ። ከዚያ 6 ሜትር ካሬው በሙሉ ሁለት እጅ ሳይቀጥን ተቀባ። 1 ሊትር ለአንድ እጅ ከ10 እስከ 12 ሜትር ካሬ ስለሚሸፍን በጠቅላላው 1.5 ሊትር በቃ። ቆርቆሮው አይናወጥም፤ በእንጨት ቀስ ተብሎ ይማሰላል፣ አረፋ ከገባ ወለሉ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይደርቃል። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ ጤዛው ከለቀቀ በኋላ ይጀመራል፤ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ይጠናቀቃል። ወደ ማታ የተቀባ ቫርኒሽ ከጮቄ በኩል የሚወርደው ብርድ ሳይደርቅ ይደርስበታል፤ እርጥበት በላዩ ያርፍና ብርቅቅታውን ያጣል፣ ገና ያጠፉት ጉም በአዲስ መልክ ይመለሳል።

በእጅና በእጅ መካከል ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው 24 ሰዓት ነው። በጥቅምት መጨረሻ ብርድ ግን ሁለተኛው ቀንም ተጨመረ። መድረቁን የሚናገረው የብርጭቆ ወረቀቱ ነው፤ ቁጥር 220 በቀስታ ሲያልፍበት ነጭ ዱቄት ከወጣ ደርሷል፣ ወረቀቱ ላይ ሙጫ ሆኖ ከተጠቀለለ ይጠበቅ። ቫርኒሽ የነካቸው ጨርቆች ተጨፍልቀው ጥግ ላይ አይጣሉ። የዘይት ቫርኒሽ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ የተጨመቀ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ያለ ክብሪት እሳት ሊነሣ ይችላል። እዚህ ውጭ በአጥር ላይ ተዘርግተው ከደረቁ በኋላ ነው የተጣሉት።

ጥቁሮቹ ሁለት ጣውላዎች ቫርኒሻቸው ተፍቆ ተላጉ፤ ጥቁረቱ ሳሳ እንጂ አልጠፋም። ኦክሳሊክ አሲድ እንዲህ ያለውን ጥቁረት ያነጣል፤ የሚሠራው ግን ባዶ እንጨት ላይ ነው፣ መርዝ ነው፣ ልጆች ባሉበት ቤት ለሁለት ጣውላ መግባቱ አላስፈለገም። የቤቱ ባለቤት «ደፍ ላይ እኮ ነው፣ የጫማ መጥረጊያ ይሸፍነዋል» አሉ፤ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ

አዲሱ ቫርኒሽ ላይ በማግሥቱ በካልሲ መሄድ ተፈቀደ፤ ከባድ ዕቃ ከሳምንት በኋላ ገባ፣ ምንጣፍ ደግሞ ለአንድ ወር አልተዘረጋም። የፕላስቲኩ ምንጣፍ ወደ በረንዳ ወጥቶ በምትኩ አየር የሚያሳልፍ የተሸመነ ምንጣፍ ገባ። ቄጠማው አልተከለከለም፤ ውሃው ተራግፎ ይጎዘጎዛል፣ ሳያድር ይነሣል። ለጀበናው ማቶት፣ ለማንቆርቆሪያው ወፍራም ጣውላ ተመደበ። መወልወያው እስኪንጠባጠብ አይረጥብም፣ በረኪናም ወለሉን አይነካም።

በተከታዩ ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ በምሥራቁ ግድግዳ በኩል ያሉ ሁለት መገጣጠሚያዎች እንደገና ነጣ ብለው ታዩ። ቫርኒሹ በፕላስተር ተፈትኖ አልተላቀቀም። ከውጭ ሲታይ ለክረምቱ የተገዛ ማገዶ በአየር ቀዳዳው ላይ ተደርድሯል። ማገዶው ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ተነሥቶ ሲደረደር ነጩ ማንም ሳይነካው በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቀቀ።